በእርግዝና መጀመሪያ የሚከሰተውን ማቅለሽለሽና ማስመለስ በአኩፓንክቸርና በአኩፕሬሸር ስለ ማስታገስ

መግቢያ

በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት የሚከሰተው ማቅለሽለሽና ማስመለስ ከአሥር ነፍሰ ጡሮች ሰባት ያህሉን የሚያጋጥም በመሆኑ፣ በኅብረተሰቡም ሆነ በጤና ባለሙያው ዘንድ ብዙውን ጊዜ እንደ እርግዝና ምልክት እንጂ እንደ ሕመም አይቆጠርም። «የእርግዝና ነው፣ ያልፋል» ተብላ ከምርመራ ክፍል የምትሸኝ እናት ጥቂት አይደለችም። እርግጥ ነው፣ በአብዛኞቹ ላይ ያልፋል። እስኪያልፍ ባሉት ሳምንታት ግን ምግብ የሚዘጋት፣ ከሥራዋ የምትቀር፣ ልጆቿን መንከባከብ የሚያቅታትና የጸነሰችበትን ቀን እስከ መርገም የምትደርስ እናት አለች። ከመቶ ነፍሰ ጡሮች በአንድ እስከ ሦስት በሚሆኑት ላይ ደግሞ ሁኔታው ተባብሶ ሃይፐርኢሜሲስ ግራቪዳረም ወደሚባለው፣ ሆስፒታል መተኛትን ወደሚጠይቅ ደረጃ ይደርሳል።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው መድኃኒት በማይውጡ ዘዴዎች፣ ማለትም በቀጭን መርፌ የሰውነትን ነጥቦች በመውጋት (አኩፓንክቸር) እና እነዚህኑ ነጥቦች በጣት በመጫን (አኩፕሬሸር) ላይ ነው። ጉዳዩን ለማንሳት ምክንያት የሆነው ባለሙያዎች በየዕለቱ የሚቀርብላቸው ጥያቄ ነው። በአዲስ አበባ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ ሰንጋ ተራ አካባቢ ለሚሠራ ሐኪም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በአካባቢው ካሉት ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻቸው የላኩላቸውን፣ በውስጥ በኩል ጠንካራ ቁልፍ ያለበትን የእጅ ማሰሪያ አንጓቸው ላይ እንዳሰሩ ይገባሉ። የሚያነሷቸውም ጥያቄዎች በጥቅሉ ሁለት ናቸው፤ «ዶክተር፣ ይኼ ነገር በእርግጥ ይሠራል ወይ?» እና «የቻይና መርፌ ብወጋስ ጽንሱን አይነካብኝም?» የሚሉ ናቸው። ሁለቱም በሳቅ ሊታለፉ የማይገባቸው፣ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው።

የሕመሙ ምንነት

ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው የወር አበባ በኋላ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ይጀምራል፤ በ9ኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፤ ከ12ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥም በአብዛኞቹ ላይ ይቀንሳል። በብዙ አገሮች «የጠዋት ሕመም» የሚል ስያሜ ቢሰጠውም ቀኑን ሙሉ ሊቆይ ይችላል፤ ማታ የሚብስባቸውም አሉ። ይህን ስያሜ ይዞ «ጠዋት ነው ወይስ ማታ?» ብሎ በመጠየቅ ብቻ ሕመሙን መለየት አይቻልም።

መንስኤውን በተመለከተ ለረጅም ዘመን ኤች ሲ ጂ የተባለው የእርግዝና ሆርሞን ብቻውን ተጠያቂ ሲደረግ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በታተመ ምርምር ግን ጂ ዲ ኤፍ 15 የሚባለው፣ በብዛት ከጽንሱና ከእንግዴ ልጁ የሚመነጨው ፕሮቲን በአንጎል ግንድ ላይ በመሥራት ማቅለሽለሽን እንደሚቀሰቅስ፣ ከእርግዝናዋ በፊት በደሟ ውስጥ ያለው የዚህ ፕሮቲን መጠን አነስተኛ የነበረች ሴትም ይበልጥ እንደምትጠቃ ተመልክቷል። ይህ ግኝት ለዕለት ሥራችን የሚሰጠው አንድ ትልቅ ትምህርት አለ፤ ይኸውም ሕመሙ የሰውነት እንጂ የጠባይ ችግር አለመሆኑ ነው። «ባሏን ስለማትወድ ነው»፣ «ልጁን ስላልፈለገችው ነው»፣ «ተሞላቅቃ ነው» የሚሉት አባባሎች መሠረት የላቸውም።

የሕመሙን መጠን ለመለካት ፒዩክ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው መለኪያ ቀላልና ጠቃሚ ነው። መለኪያው ሦስት ጥያቄዎችን ብቻ የያዘ ነው፤ ባለፈው አንድ ቀን ውስጥ ለስንት ሰዓት አቅለሸለሻት? ስንት ጊዜ አስመለሳት? ምንም ሳይወጣ ስንት ጊዜ ቋቅ አላት? እያንዳንዱ መልስ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል። ድምሩ 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ ቀላል፣ ከ7 እስከ 12 መካከለኛ፣ 13 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። ከዚህ በታች የምንወያይባቸው ዘዴዎች በዋነኛነት የሚያገለግሉት ቀላልና መካከለኛ ለሆነው ነው።

አኩፓንክቸር በአገራችን

አኩፓንክቸር በቻይና ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ሲሠራበት የቆየ የሕክምና ዘዴ ነው። የጥንቱ አስተምህሮ በሰውነት ውስጥ «ቺ» የሚባል ኃይል በተወሰኑ መስመሮች ይዘዋወራል፣ መስመሩ ሲታወክ ሕመም ይመጣል ይላል። ይህ አስተምህሮ ከዘመናዊው የአናቶሚ ዕውቀት ጋር ባይገጥምም፣ ነጥቦቹን መንካት የሚያስከትለውን ለውጥ ከአስተምህሮው ለይቶ በሳይንሳዊ መንገድ መመርመር የሚቻል ሆኗል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመጀመሪያው የቻይና የሕክምና ቡድን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተላኩት ቡድኖች ከሌሎች ስፔሻሊስቶች ጋር የአኩፓንክቸር ባለሙያዎችንም ይዘዋል። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በ2004 ዓ.ም. የተከፈተውና በቤጂንግ ኦሎምፒክ ድርብ ወርቅ ባገኘችው አትሌት ጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የአኩፓንክቸር አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እንደዚህ ባሉ ቦታዎች አገልግሎቱ በአመዛኙ የሚፈለገው ለወገብና ለአንገት ሕመም፣ ለፊት መጣመምና ከስትሮክ በኋላ ለሚደረግ ማገገም ነው። ለነፍሰ ጡር ማቅለሽለሽ ሊውል መቻሉን የሚያውቁ ታካሚዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ባለሙያዎችም ቢሆኑ ብዙ አይደሉም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ፣ አኩፓንክቸር ከዋግምትም ሆነ ከብጣት ጋር አንድ አይደለም። በአኩፓንክቸር ደም አይወጣም፤ ቆዳ አይበጣም። ሁለተኛ፣ በኅብረተሰባችን ዘንድ «መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» የሚል እምነት ሥር የሰደደ እንደ መሆኑ፣ አንዳንዶች የአኩፓንክቸሩ መርፌ መድኃኒት የያዘ ይመስላቸዋል። መርፌው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ውስጡ ክፍት ያልሆነና ምንም የማይወጋበት መሆኑን ለታካሚዋ አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል።

የጥናት ማስረጃዎች ምን ይላሉ?

ለማቅለሽለሽ የሚመረጠው ነጥብ በአንጓ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚገኘው ፒሲ 6 ሲሆን ቻይናውያን «ኔይጓን» ይሉታል። የዚህ ነጥብ ዘመናዊ ታሪክ የሚጀምረው በሰሜን አየርላንድ ከተማ በቤልፋስት ነው። የሰመመን ሰጪ ሐኪም የነበሩት ፕሮፌሰር ጆን ዳንዲ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰተውን ማስመለስ በዚህ ነጥብ መቀነስ እንደሚቻል ካጠኑ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ከባልደረቦቻቸው ጋር በ350 ነፍሰ ጡሮች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ትክክለኛውን ነጥብ ከተጫኑት 119 ሴቶች መካከል የሚያስቸግር ማቅለሽለሽ የቀጠለባቸው 23 ነበሩ። በክርን አጠገብ ያለ አስመሳይ ነጥብ ከተጫኑት 112 መካከል 41፣ ምንም ካላደረጉት 119 መካከል ደግሞ 67 ነበሩ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር ትክክለኛው ነጥብ የተሻለ መሆኑን ብቻ አይደለም፤ አስመሳዩም ቢሆን ምንም ካለማድረግ የተሻለ ውጤት ማሳየቱን ጭምር ነው።

ከኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ፣ 97 ሴቶችን ያሳተፈ የእጅ ማሰሪያ ጥናትም ተመሳሳይ አቅጣጫ አሳይቷል። እውነተኛውን ማሰሪያ ካሰሩት 71 በመቶ የሚሆኑት የማቅለሽለሹ ኃይል እንደቀነሰላቸው ሲገልጹ፣ አስመሳዩን ካሰሩት 59 በመቶዎቹ ይህንኑ ብለዋል። በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው ልዩነት የታየው ማቅለሽለሹ በሚቆይበት የጊዜ ርዝመት ላይ ብቻ ነበር፤ በመጀመሪያው ቡድን ወደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ሲቀንስ፣ በሁለተኛው ግን ከአንድ ሰዓት በታች ነበር የቀነሰው።

መርፌን በተመለከተ በስፋቱ የሚጠቀሰው በአውስትራሊያ በአደላይድ ከተማ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት ነው። ከ14 ሳምንት በታች የሆኑ 593 ነፍሰ ጡሮች በዕጣ በአራት ቡድን ተመደቡ፤ አንደኛው ባህላዊውን ሙሉ አኩፓንክቸር፣ ሁለተኛው ፒሲ 6ን ብቻ፣ ሦስተኛው አስመሳይ መርፌ አገኙ፤ አራተኛው ምንም አልተወጋም። ሕክምናው ለአራት ሳምንታት በየሳምንቱ ተሰጠ። ምንም ካልተወጋው ቡድን ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሙሉ አኩፓንክቸር ያገኙት ከመጀመሪያው ሳምንት፣ ፒሲ 6 ብቻ የተወጉት ከሁለተኛው ሳምንት፣ አስመሳዩን ያገኙት ደግሞ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ማቅለሽለሻቸው ቀነሰ። ማስመለሱን በተመለከተ ግን በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አልታየም። የእነዚሁ ሴቶች እርግዝናና ወሊድ ሲከታተሉት፣ በፅንስ መጨንገፍም ሆነ በተፈጥሮ ጉድለት ረገድ በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ይህም «ጽንሱን አይነካብኝም?» ለሚለው ጥያቄ ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች ዋነኛው ነው።

ተቃራኒ ውጤቶችም አሉ። በእንግሊዝ 55 ሴቶችን ያሳተፈው የ2001 (እ.ኤ.አ.) ጥናት መርፌውም አስመሳዩም እኩል መሻሻል እንዳስገኙ አሳይቷል። በስዊድን በሃይፐርኢሜሲስ በተኙ 33 ሴቶች ላይ የተደረገው የ2000 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ደግሞ ከመደበኛው ሕክምና ጋር የተሰጠው መርፌ ማቅለሽለሹን በፍጥነት እንደቀነሰ ዘግቧል፤ የተሳታፊዎቹ ቁጥር ግን አነስተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 41 ጥናቶችን መርምሮ፣ ለአኩፕሬሸር ያለው ማስረጃ ውሱን ነው፣ መርፌው በግልጽ እንደሚጠቅም ግን አልታየም ሲል ደመደመ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመውና በቻይና በሚገኙ 13 ሆስፒታሎች በ352 ሴቶች ላይ የተካሄደው ጥናት ሕመሙ መካከለኛና ከባድ የሆነባቸውን ሴቶች ለ14 ቀናት ተከታትሏል። ትክክለኛው መርፌ ከአስመሳዩ ጋር ሲነጻጸር በፒዩክ መለኪያ 0.7 ነጥብ ያህል የበለጠ ቅናሽ አሳይቷል። ዶክሲላሚንና ፒሪዶክሲን የተባሉት መድኃኒቶች በጋራ ሲሰጡ ወደ 1 ነጥብ፣ ሁለቱ ሕክምናዎች በአንድነት ሲሰጡ ደግሞ 1.6 ነጥብ ያህል ቀንሷል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ከ15 ነጥብ ውስጥ ከአንድ ነጥብ ያነሰ ለውጥ ለአንዲት እናት ምን ያህል ትርጉም አለው የሚለው አከራካሪ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚጨመቀው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። አኩፕሬሸርና አኩፓንክቸር ማቅለሽለሽን በመጠኑ ይቀንሳሉ፤ በማስመለስ ላይ ያላቸው ኃይል ደካማ ነው። ከጥቅሙ ከፊሉ የነጥቡ ሳይሆን ትኩረት የማግኘት፣ የመደመጥና «የማደርገው ነገር አለኝ» ብሎ የማሰብ ውጤት ነው። ይህን ማለት ዘዴውን ማናናቅ አይደለም። በቤልፋስት ምንም ሳይደረግላቸው ከቀሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በስቃይ ውስጥ መቆየታቸው የሚያስተምረን፣ «ያልፋል» ብሎ መሸኘት ራሱ ጥቅም መንፈግ መሆኑን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል መመሪያ ውስጥ ዝንጅብልን፣ ካሞሚልን፣ ቫይታሚን ቢ6ንና አኩፓንክቸርን በእናቲቱ ምርጫና ባለው አቅርቦት ላይ ተመሥርቶ በእርግዝና መጀመሪያ ለማቅለሽለሽ መጠቀም እንደሚቻል አስፍሯል። የእንግሊዝ የ2021 (እ.ኤ.አ.) መመሪያም ሕመሙ መካከለኛና ከባድ ለሆነባቸው አኩፕሬሸርን ከዋናው ሕክምና ጎን ለጎን መሞከር እንደሚቻል ይገልጻል። «ጎን ለጎን» የምትለው ቃል ልትሰመርባት ይገባል።

ነጥቡን የማግኘትና የመጫን ዘዴ

አኩፕሬሸር መርፌ፣ መብራትም ሆነ ገንዘብ የማይጠይቅ በመሆኑ በጤና ጣቢያም ሆነ በጤና ኬላ ሊሰጥ ይችላል። አሠራሩ የሚከተለው ነው።

1. እናቲቱ ተመቻችታ ትቀመጥ፤ ክንዷን ጠረጴዛ ወይም ጭኗ ላይ አሳርፋ መዳፏን ወደ ላይ ታድርግ።

2. የሌላኛውን እጇን ሌባ፣ የመሃልና የቀለበት ጣቶች አጣምራ በአንጓዋ ላይ አግድም ታስቀምጥ። የቀለበት ጣቷ ለመዳፉ በሚቀርበው የአንጓ መታጠፊያ መስመር ላይ ይረፍ፤ ሌባ ጣቷ ወደ ክንዱ በኩል ይሁን። መለኪያው የራሷ ጣቶች እንጂ የባለሙያው ጣቶች አይደሉም፤ ምክንያቱም የሰው ክንድና ጣት ተመጣጥነው የሚያድጉ ናቸው።

3. ነጥቡ በሌባ ጣቷ ጠርዝ ሥር፣ በሁለቱ ጎልተው በሚታዩ ጅማቶች መካከል ይገኛል። ጅማቶቹ ካልታዩ እጇን ጨበጥ አድርጋ አንጓዋን በትንሹ ወደ ውስጥ ብታጥፍ ይወጣሉ። አንደኛው ጅማት በተፈጥሮ የሌላቸው ሰዎች ስላሉ፣ በእነዚህ ላይ የክንዱን መሃል መያዝ ይበቃል።

4. በአውራ ጣት ቀጥ ብሎ፣ ጠንከር ባለ ነገር ግን በማያሳምም ኃይል መጫን። በነጥቡ ላይ ቀላል የመክበድ ወይም የመደንዘዝ ስሜት ቢሰማ ተገቢ ነው፤ ከሥሩ የሚያልፈው ሚዲያን ነርቭ ነውና። ስሜቱ ወደ ጣቶች እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ከሆነ ግን ጫናው በዝቷልና ይቀነስ።

5. በየአራት ሰዓቱ ለ5 ደቂቃ ያህል፣ በተጨማሪም ማቅለሽለሽ ሲጀምር፣ በሁለቱም እጆች ላይ በየተራ መጫን። የመጀመሪያው ጊዜ ጠዋት ከአልጋ ከመነሳት በፊት ቢሆን ይመረጣል።

6. ከሦስት ወይም አራት ቀናት በኋላ የፒዩክን ነጥብ እንደገና መለካት። ለውጥ ከሌለ ዘዴውን በግድ ማስቀጠል አያስፈልግም።

የእጅ ማሰሪያውን የሚጠቀሙ ሴቶች ቁልፉ በትክክል በነጥቡ ላይ መዋሉን ማረጋገጥ አለባቸው። ብዙዎች አንጓው ላይ እንደ ሰዓት ስለሚያስሩት ቁልፉ ከነጥቡ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ማሰሪያው እጅ ካሳበጠ፣ ካደነዘዘ ወይም ቆዳ ካቆሰለ ይፈታ። የካርፓል ተነል ሕመም ባለበት፣ ቁስል ወይም እብጠት ባለበት፣ እንዲሁም የደም ሥር መስመር በተከፈተበት እጅ ላይ አይሠራ።

መርፌውን በተመለከተ የሚደረግ ጥንቃቄ

አኩፓንክቸር ሥልጠና በወሰደ ባለሙያ ብቻ የሚሰጥ ሕክምና ነው። ነጥቡን ስላወቀ ብቻ በተራ የመርፌ ጫፍ ሚዲያን ነርቭ ላይ የሚወጋ ባለሙያ በታካሚዋ ላይ ዘላቂ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሄፓታይተስ ቢና ኤች አይ ቪ ባሉበት አገር የሚሠራ ማንኛውም ባለሙያ መርፌዎቹ ንጹሕ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉና ወዲያው በአደገኛ ቆሻሻ ማስወገጃ የሚጣሉ መሆናቸውን ሳያረጋግጥ ታካሚ ወደ አገልግሎቱ መላክ የለበትም። የደም መርጋት ችግር ላለባትና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለምትወስድ እናት አይመከርም።

የቻይና ባህላዊ ሕክምና በእርግዝና ጊዜ እንዳይነኩ የሚላቸው ነጥቦች አሉ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል የሚገኘውና በታችኛው ሆድ ላይ ያሉት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እነዚህን ነጥቦች መንካት ፅንስ እንደሚያስወርድ በጥናት ባይረጋገጥም፣ ለማቅለሽለሽ አስፈላጊ ስላልሆኑ መተው ይገባል። ባለሙያው እርግዝናዋን ማወቁን ማረጋገጥ የላኪው ኃላፊነት ነው። ከላይ እንደታየው መርፌው ከጣት ጫና ብዙ ብልጫ እንዳለው ስላልተረጋገጠ፣ ከሰንጋ ተራ እስከ አቃቂ እያቅለሸለሻት በታክሲ የምትጓዝ እናት ከምታገኘው ጥቅም መንገዱ ሊብስባት ይችላል።

አኩፕሬሸር የማይበቃበት ሁኔታ

የእነዚህ ዘዴዎች እውነተኛ አደጋ መጫኑ ወይም መውጋቱ ሳይሆን፣ ተገቢውን ምርመራና ሕክምና የሚያዘገዩ ከሆነ ነው። ስለሆነም ባለሙያው አኩፕሬሸርን ከማስተማሩ በፊት የሚከተሉትን ሊያጣራ ይገባል።

ማስመለሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረው ከ9ኛው ሳምንት በኋላ ከሆነ ሌላ መንስኤ ይፈለግ። ትኩሳት ካለ ወባና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይመርመሩ፤ በቂ ማስረጃ ሳይኖር «ታይፎይድ» ብሎ ማለፍ አይገባም። የሆድ ሕመም፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም ደም መፍሰስ ካለ የዚያው ቀን ምርመራ ያስፈልጋል። ማስመለሱ ሲበረታ የወይን ፍሬ መሰል እርግዝና ወይም መንታ እንዳይሆን በአልትራሳውንድ ይታይ። የታይሮይድ መብዛት፣ የስኳር በሽታና በአገራችን እጅግ የተስፋፋው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪም አይዘንጉ። ከ20 ሳምንት በኋላ ማስመለስ ከራስ ምታት ወይም ከልብ ሥር ሕመም ጋር ከመጣ መጀመሪያ የሚለካው የደም ግፊት ነው።

ክብደቷ ከእርግዝና በፊት ከነበረው ከ5 በመቶ በላይ የቀነሰ፣ በሽንቷ ኬቶን የታየ፣ ውኃ እንኳ የማይረጋላት ወይም ሽንቷ የቀነሰ እናት የምትፈልገው የነጥብ ጫና ሳይሆን የደም ሥር ፈሳሽ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ በአጽንኦት ሊነገር ይገባል። ለሳምንታት ምግብ ላልረጋላት እናት ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ሳይሰጥ ግሉኮስ ማንጠልጠል ወርኒክ ኤንሰፋሎፓቲ የተባለውን የአንጎል ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ምልክቶቹ ግራ መጋባት፣ የዓይን እንቅስቃሴ መዛባትና መንገዳገድ ሲሆኑ፣ ካልታከመ ለዘለቄታ የማስታወስ ችሎታን ያጠፋል፤ ይገድላልም። «ግሉኮስ ይሰቀልልኝ፣ አቅም ይሰጠኛል» የሚለው ጥያቄ ከታካሚም ከአስታማሚም በየቀኑ የሚሰማ በመሆኑ አደጋው ቅርብ ነው። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ላክቴት ይጀመር፤ ታያሚን 100 ሚ.ግ. ይሰጥ፤ ፖታሲየም ተለክቶ ይተካ፤ ግሉኮስ ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ይከተል።

ከሌሎች እርዳታዎች ጋር ማቀናጀት

አኩፕሬሸር ብቻውን ከሚሰጥ ከሚከተሉት ጋር ቢቀናጅ የተሻለ ይረዳል። ባዶ ሆድ ማቅለሽለሽን ያብሳል፤ ስለዚህ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መብላት፣ ከአልጋ ከመነሳት በፊትም ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ደረቅ ዳቦ መቅመስ ይጠቅማል። የቁሌት፣ የሚቆላ ቡናና የዘይት ሽታ የሚያባብስባት እናት በተለይ በጠባብ የኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ የምትኖር ከሆነ፣ ለእነዚያ ሳምንታት ማዕድ ቤቱን ሌላ ሰው እንዲይዝላት ባሏን ጭምር ማነጋገር ከማንኛውም ክኒን ሊበልጥ ይችላል። ጾም የምትጾም እናት እስከ ቀትር ምንም ሳትቀምስ መቆየቷ ሕመሙን እንደሚያብስባት ተነግሯት፣ ከነፍስ አባቷ ወይም ከሃይማኖት መምህሯ ጋር እንድትመካከር ማበረታታት ተገቢ ነው።

የደረቀ የዝንጅብል ዱቄት በቀን 1 ግራም፣ ማለትም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ለአራት ጊዜ ተከፍሎ በሻይ ሊወሰድ ይችላል። ጤና አዳምን ግን በብዛት ማፍላትና መጠጣት በእርግዝና ጊዜ ሊከለከል ይገባል። ቫይታሚን ቢ6 ከ10 እስከ 25 ሚ.ግ. በቀን ሦስት ጊዜ መስጠት ይቻላል። የብረት ክኒን ማቅለሽለሹን ካባባሰ ከምግብ ጋር ማታ እንዲወሰድ ማድረግ፣ ካልሆነም ሕመሙ እስኪበርድ ፎሊክ አሲድን ብቻ ማስቀጠል ይቻላል። እነዚህ ሁሉ ካልበቁ ሜክሊዚንና ፕሮሜታዚንን የመሰሉ ፀረ ማስመለስ መድኃኒቶች አሉ። በተለምዶ ፕላሲል የሚባለው ሜቶክሎፕራማይድ ግን በተለይ በወጣት ሴቶች ላይ የአንገትና የመንጋጋ መኮማተር ሊያስከትል ስለሚችል፣ በቀን ከ30 ሚ.ግ.፣ በጠቅላላም ከ5 ቀን ባይበልጥ ይመረጣል።

ማጠቃለያ

በመግቢያው ለተነሱት ሁለት ጥያቄዎች መልሱ አጭር ነው። የእጅ ማሰሪያውም ሆነ የጣት ጫናው በመጠኑ ይሠራል፣ ጉዳቱ ኢምንት ነው፤ በሠለጠነ እጅና በንጹሕ መርፌ የሚሰጠው አኩፓንክቸርም በጽንሱ ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ አልታየም፤ ነገር ግን ከጣቱ ይህን ያህል አይበልጥም።

ቀሪው ጥያቄ ይህን ቀላል እርዳታ ለማን እናደርሳለን የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው የኢትዮጵያ አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የቅድመ ወሊድ ክትትል የጀመሩት 28 በመቶ የሚሆኑት እናቶች ብቻ ነበሩ። ማቅለሽለሹ የሚበረታው በ9ኛው ሳምንት ሲሆን፣ አብዛኞቹ እናቶች ወደ እኛ የሚመጡት የከፋው ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው። ቀድመው የሚመጡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ እጅግ የተጎዱት ናቸው። ስለሆነም ነጥቡን የማሳየቱ ሥራ ለሐኪሙ ብቻ የሚተው አይደለም። ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያና የእርግዝና ምርመራ የሚሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ በሁለት ደቂቃ ሊያስተምሩት ይችላሉ። ከትምህርቱ ጋር ግን ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር አብሮ ይሂድ፤ «እህቴ፣ ውኃ እንኳ አልረጋልሽ ካለ፣ ሽንትሽ ካነሰ ወይም ከተንገዳገድሽ ይህን ትተሽ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ነዪ» የሚል። ነጥቡን ማሳየት የምትችል እጅ የአደጋውንም ምልክት አብራ ልታሳይ ይገባታል።